ሕመምን በእንግሊዝኛ ማስረዳት፦ ሐኪም ፊት ከመቀመጥ በፊት የሚደረግ ዝግጅት ደረጃ በደረጃ

በእንግሊዝኛ ሥራውን የሚሠራ፣ ቅጽ የሚሞላ፣ ከልጆቹ አስተማሪዎች ጋር ያለ ችግር የሚነጋገር ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ አፉ ይታሰራል። በትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ ስለ አየር ንብረትና ስለ ታሪክ ብዙ ቃል ሰጥቶናል፤ ስለ ቁርጠት፣ ስለ ውጋትና ስለ አክታ ግን ማንም አላስተማረንም። ሕመም ደግሞ ሰው በእናቱ ቋንቋ የሚያቃስትበት ጉዳይ ነው። እየታመሙ ቃል መፈለግ ከባድ ስለሆነ ዝግጅቱ በጤና ጊዜ መሠራት አለበት።

መመሪያው በዋናነት በአሜሪካ ለሚኖሩና ወደዚያ ለሚሄዱ ነው። በእንግሊዝ ላሉትም ይሠራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ብዙዎቹ ነርሶች ከህንድና ከፊሊፒንስ የመጡ በመሆናቸው አረብኛ ያልለመደ ሰው በክሊኒክ የሚግባባው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የበሽታ ስም ዝርዝር መሸምደድ ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው ልፋት ነው። በሽታውን መሰየም የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የታማሚው ሥራ ምን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚሰማው፣ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያብሰው መናገር ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ቃላት ከመቶ ብዙም አይበልጡም።

የእንግሊዝኛውን ቃል እንደሚሰማው በፊደላችን እጽፈዋለሁ። እናንተ በደብተራችሁ ስትይዙት በላቲን ፊደል አጻጻፉንም ከመዝገበ ቃላት አይታችሁ ከጎኑ አስፍሩት። የሕመም ቃላት አጻጻፍና ንባብ ብዙ ጊዜ አይገናኝም፤ «አዝማ» (አስም)፣ «ኑሞኒያ» (የሳንባ ምች)፣ «ፍሌም» (አክታ) እና «ነም» (የደነዘዘ) የሚባሉት ቃላት ሲጻፉ የማይነበብ ፊደል አላቸው። ስለዚህ ጆሮ ይቅደም፣ ዓይን ይከተል።

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ

ከባዶ አትነሱም። ኢንፌክሽን፣ አለርጂ፣ ካንሰር፣ ስትሮክ፣ ታይፎይድ፣ ቫይረስ፣ ኤክስሬይ፣ አልትራሳውንድ፣ ኮሌስትሮል፣ ቫይታሚን፣ አንቲባዮቲክ እያልን በአማርኛ ንግግራችን ስንጠቀም ኖረናል። የሚቀረው ድምፁን ማስተካከል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ቫይረስ በአሜሪካኖች አፍ «ቫይረስ» እንደሆነ ሲቀር ቫይታሚን «ቫይደመን» ወደሚል ይጠጋል፣ አንቲባዮቲክ «አንታይባዮቲክ» ይሆናል።

ሌላም ሀብት አላችሁ። በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሕክምና ማስረጃዎችና የመድኃኒት ማዘዣዎችም የሚጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። ከአገር ቤት የመጣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሆስፒታል መውጫ ወረቀት ወይም የመድኃኒት ካርቶን ካላችሁ አትጣሉት። የእናንተን በሽታ በትክክለኛ ስሙ የያዘ የመጀመሪያው የቃላት ዝርዝራችሁ እሱ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ «አመመኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ገልብጡ

በአማርኛ ሕመሙ አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። ሆዴን አመመኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ብርድ መታኝ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ሕመሙን የሰውዬው ንብረት ያደርገዋል፤ ወይም ደግሞ የታመመውን አካል ራሱን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያደርገዋል። ብዙዎች «አይ አም ፔይን» የሚል ስሕተት ውስጥ የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትርጉሙ «እኔ ሕመም ነኝ» ይሆናል። ሦስት ቅርጾች ብቻ ይበቃሉ።

አንደኛው «አይ ሃቭ» ብሎ የሕመሙን ስም ማስከተል ነው፦ «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር» ትኩሳት አለኝ፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮፍ» ያስለኛል፣ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ራሴን ያመኛል፣ «አይ ሃቭ ዳያሪያ» ተቅማጥ ይዞኛል።

ሁለተኛው አካሉን አስቀድሞ «ኸርትስ» ማለት ነው፦ «ማይ ኒ ኸርትስ» ጉልበቴን ያመኛል። የአካሉን ስም ካላወቃችሁ በጣት እያመለከቱ «ኢት ኸርትስ ሂር» ማለት ይቻላል፤ ሐኪሞች ራሳቸው በጣት እንድታሳዩ ይጠይቋችኋል።

ሦስተኛው «አይ ፊል» ነው፦ «አይ ፊል ዲዚ» ያዞረኛል፣ «አይ ፊል ዊክ» ደክሞኛል፣ አቅም አጥቻለሁ፣ «አይ ፊል ናሺየስ» ያቅለሸልሸኛል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ጥንዶች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «አይ አም ኮልድ» ማለት በረደኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል ማለት ነው። ብርድ ብርድ ሲላችሁና ሲያንቀጠቅጣችሁ ሁለቱም አይሆኑም፤ የሚባለው «አይ ሃቭ ቺልስ» ነው። እንዲሁም «አይ አም ሃት» ሞቀኝ ነው እንጂ ትኩሳት አለኝ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ «አይ ዋዝ ሲክ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው አስታወከኝ ማለት ሆኖ ነው። በአሜሪካ ለማስታወክ የተለመደው «አይ ትሩ አፕ» ነው።

ደረጃ 3፦ ሰውነታችሁን ከራስ እስከ እግር ጥፍር ሰይሙ

መስታወት ፊት ቆማችሁ እያንዳንዱን አካል እየነካችሁ በድምፅ ጥሩት። የዚህ ልምምድ ብዙው ክፍል ቀላል ስለሆነ አላበዛውም። የሚያሳስቱትን ግን ልቁጠር።

እግር በአማርኛ ከጭን እስከ ጣት ነው። በእንግሊዝኛ ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ ከዚያ በላይ «ሌግ» ነው። እጅም እንዲሁ «ሃንድ» እና «አርም» ተብሎ ይከፈላል። የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶ» ነው። መዝገበ ቃላት ወገብን «ዌይስት» ይለዋል፤ ያ ግን ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ወገቤን አመመኝ ለማለት «ማይ ሎወር ባክ ኸርትስ» በሉ። ኩላሊቴን ያመኛል የሚል ሰውም ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ወገቡን ወይም ጎኑን ነው። «ኪድኒ» ካላችሁ ሐኪሙ የኩላሊት በሽታ እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ በሽታው በምርመራ ካልተረጋገጠ «ሎወር ባክ» ወይም ጎን ከሆነ «ሳይድ» ማለት ይሻላል።

ሆድ ሰፊ ቃል ነው። ከእምብርት በላይ ከሆነ «አፐር ስታመክ»፣ ከእምብርት በታች ከሆነ «ሎወር በሊ» በሉ። ቀኙንና ግራውን ለዩ፤ በታችኛው ቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይህች አንዲት ቃል ብዙ ትሠራለች።

«ሃርት» እና «ኸርት» ደግሞ በእኛ ጆሮ መንትያ ናቸው። የመጀመሪያው አፍን ከፍቶ የሚነገር ሲሆን ልብ ማለት ነው፤ ሁለተኛው አፍን ጠበብ አድርጎ የሚነገር ሲሆን ማመም ማለት ነው። ስልክ ላይ እየቀዳችሁ መልሳችሁ ስሙ። ጉሮሮ የሚለው «ትሮት» ሲነገር የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ብቅ ይላል፤ መተንፈስ የሚለው «ብሪዝ» መጨረሻ ላይም እንዲሁ። ባይዋጣላችሁም አትጨነቁ፣ በቀላል «ት» እና «ዝ» ይገባቸዋል።

ደረጃ 4፦ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ተናገሩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ደረጃ ይህ ነው። «ፔይን» ብቻ ያለ ታማሚ ለሐኪሙ የሰጠው መረጃ ጥቂት ነው። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ የነበሩት ሮናልድ ሜልዛክ በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት መጠይቅ የሕመም መግለጫ የሆኑ 78 የእንግሊዝኛ ቃላትን በ20 ምድብ ለይቶ የያዘ ነው። የሕመም መልክ የበሽታውን ምንጭ ስለሚጠቁም ነው ይህ ሁሉ ድካም የተደከመበት። አማርኛም በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም፤ እንዲያውም ሕመምን በግስ የሚለይ ቋንቋ ስለሆነ ትልቅ ጥቅም አለን። ግሱን ብቻ አዛምዱት።

ሲወጋችሁ «ኤ ስታቢንግ ፔይን» ነው። ሲቆርጣችሁ «ክራምፒንግ»፣ ሲያቃጥላችሁ «በርኒንግ» ይባላል። ጥርስ ወይም ቁስል ሲጠዘጥዝ «ትሮቢንግ»፣ መገጣጠሚያ ሲቆረጥም «አን ኤክ» ነው፤ የማያቋርጥ ግን ስለት የሌለው ሕመም ደግሞ «ዱል» ይባላል። ራስ ሲፈልጥ «ኤ ስፕሊቲንግ ሄዴክ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል። ከወገብ እስከ እግር ሲነዝራችሁ «ኢት ሹትስ ዳውን ማይ ሌግ» በሉ። ሲደነዝዝ «ነም»፣ ጉንዳን እንደወረረው ሲሆንባችሁ «ቲንግሊንግ» ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት ማወቅ አለበት፤ በእግር ላይ የነርቭ ጉዳት መጀመሩን የሚናገረው በእነሱ ነው። ቆዳ ሲያሳክክ «ኢቺ»፣ ሽፍታው «ራሽ»፣ ያበጠው «ስዎለን»፣ በቆዳ ሥር የሚዳሰስ እብጠት «ኤ ለምፕ»፣ ሆድ ሲነፋ «ብሎትድ» ነው።

ደረት ላይ የሚጫን ነገር ከተሰማችሁ «ቼስት ፕሬሸር» ነው። ይህ ቃል ሲነገር ቀጠሮ ይቀራል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

አዞረኝ የሚለውን ሐኪሞች ለሁለት ይከፍሉታል። ክፍሉ ሲዞርባችሁ «ዘ ሩም ኢዝ ስፒኒንግ» ነው፤ ይህ ከውስጠኛው ጆሮ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ስትነሱ ጨለማ ሲውጣችሁ፣ ልትወድቁ ሲቃጣችሁ ደግሞ «አይ ፊል ላይትሄደድ» ነው፤ ይህ የደም ግፊት መውረድ ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ራሳችሁን ስታችሁ ከነበረ «አይ ፓስድ አውት»።

ቀጥሎ የሚመጣው ከዜሮ እስከ 10 ያለው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ባህላችን ይፈትነናል። ሐኪሙ ገብቶ «ሃው አር ዩ ፊሊንግ ቱደይ?» ሲል ከአፋችን የሚወጣው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ «አልሐምዱሊላህ» የሚለውም እንዲሁ። ለፈጣሪ ምስጋና ማቅረብ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «አይ አም ፋይን» ብሎ ማቆም ሐኪሙን ያሳስታል። ምስጋናውን በልባችሁ አድርሱና ቁጥሩን እንደሆነው ተናገሩ፤ እንቅልፍ የነሣ ሕመም 3 ሊሆን አይችልም። «ኢት ኪፕስ ሚ አዌክ» ብትሉ ደግሞ ከቁጥሩ ይበልጥ ይገባዋል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ዘመኑን አስተካክሉ

ለጊዜ አንድ ቅርጽ ያዙ፦ «ኢት ስታርትድ ትሪ ዴይስ አጎ» ከሦስት ቀን በፊት ጀመረኝ። ቁጥሩንና «ዴይስ»፣ «ዊክስ»፣ «መንትስ» የሚለውን ብቻ ትለዋውጣላችሁ። ሲመጣና ሲሄድ «ኢት ካምስ ኤንድ ጎስ»፣ ሳያቋርጥ ሲያም «ኢት ኢዝ ኮንስታንት» ነው። እየባሰ ከሄደ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ወርስ»።

የሰዓት አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይለያል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተነሣ ውጋት በእነሱ 3 ኤኤም ነው፤ «ናይን» ካላችሁ ታሪኩ ይበላሻል። ዓመተ ምሕረቱ ከዚህም የከፋ ችግር ያመጣል። የቀዶ ሕክምና፣ የክትባት ወይም የልጅ ልደት ዓመት ስትናገሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለሆነው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ጨምሩ። በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ የተሠራ ኦፐሬሽን በእነሱ በ2017 ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን ቀን ሲጠየቁ ከአገር ቤት የቀን መቁጠሪያ ቀጥታ እንዳይናገሩ፤ የጽንሱ ዕድሜ የሚሰላው ከዚያ ቀን ነው።

ትኩሳት በአሜሪካ በፋራንሃይት ይነገራል፤ የእኛ 38 ዲግሪ በእነሱ 100.4 ነው። ክብደት በፓውንድ ነው፤ ኪሎውን በ2.2 አባዙት።

ደረጃ 6፦ ድንበር የማይሻገሩትን ቃላት በመግለጫ ተኩ

የአማርኛን የበሽታ ስም ቃል በቃል መመለስ የሚያደናግርባቸው ቦታዎች አሉ። ደም ብዛት «ቱ መች ብላድ» አይደለም፤ «ሃይ ብላድ ፕሬሸር» ነው። ደም ማነስ ደግሞ «አኒሚያ» ነው እንጂ «ሎ ብላድ» አይደለም፤ እንዲያ ከተባለ ሐኪሙ የደም ግፊት የወረደ ሊመስለው ይችላል። «አይ ሃቭ ሹገር» ከማለት «አይ ሃቭ ዳያቢቲስ» ማለት ይገባል። የልብ ድካም «ሃርት ፌይለር» ይባላል፤ ቃሉ አስደንጋጭ ቢመስልም ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ደምን በሚገባው መጠን መርጨት አቃተው ማለት ነው። ነርቭ አለብኝ ለማለት «አይ አም ነርቨስ» ያለ ሰው ፈርቻለሁ፣ ተረብሻለሁ ማለቱ ነው። ጨጓራ አለብኝ የሚለውም «በርኒንግ ኢን ማይ አፐር ስታመክ» ቢባል ይጠራል፤ ቃጠሎው ወደ ደረት የሚወጣ ከሆነ «ሃርትበርን» ይባላል፣ ከልብ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

ምች፣ መጋኛና ብርድ በእንግሊዝኛ ስም የላቸውም። ፀሐይ መታኝ ወይም ብርድ ገባብኝ ብላችሁ ምክንያቱን ከምትተርኩ ምልክቱን ንገሩ፦ ትኩሳት፣ የራስ ምታት፣ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል። ያ የከንፈር ቁስል «ኮልድ ሶር» ይባላል። ዳማከሴ ወይም ጤና አዳም ጠጥታችሁ ከነበረ ግን አትደብቁ፤ «አይ ቱክ ኤን ኸርባል መዲስን» በሉ። ከሚታዘዘው መድኃኒት ጋር የሚጋጭ ሊሆን ስለሚችል ማወቅ ይፈልጋሉ፣ በዚህ የሚቆጣችሁ የለም። ጥሬ ሥጋ የምትበሉ ከሆነና ሆዳችሁን የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ «አይ ኢት ሮ ቢፍ» የሚለውን ጨምሩበት። የአሜሪካ ሐኪም ኮሶ ትልን በራሱ ላያስብ ይችላል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ያስታውሰዋል።

ሆድ ባሰኝ፣ ልቤን ከበደኝ፣ ውስጤ ተቃጠለ የሚሉትም አሉ። እነዚህን ቃል በቃል የመለሰ ሰው የሆድና የልብ ምርመራ ታዞለት፣ ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ፣ ከነኀዘኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለኀዘን «ሳድ»፣ ለጭንቀት «አንግዛይቲ»፣ ለድብርት «ዲፕሬሽን» የሚሉትን ተማሩ። «አይ ካንት ስሊፕ»፣ «አይ ሃቭ ኖ ኢንተረስት ኢን ኤኒቲንግ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ በብዙ ክሊኒኮች በሚሞላ መጠይቅ ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች መልስ ናቸው። ይህን መናገር አያሳፍርም፤ እብደት ነው የሚልም የለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያስቸገረው ሰው በአሜሪካ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላል።

ጾምን በተመለከተ ለብቻው ልናገር። ለደም ምርመራ «አር ዩ ፋስቲንግ?» ብለው ሲጠይቁ በዐቢይ ጾም ጠዋት ሽሮ በልቶ የመጣ ምእመን «የስ» ሊል ይችላል፤ ጿሚ ነውና አልዋሸም። በክሊኒክ ግን ቃሉ ከውኃ በቀር ምንም ነገር ለ8 ወይም ለ12 ሰዓት አልቀመስኩም ማለት ነው። የስኳሩና የቅባቱ ውጤት ይዛባል፣ ያልተገባ መድኃኒትም ሊታዘዝ ይችላል። በተቃራኒው፣ በረመዳን ወይም በሰሙነ ሕማማት የምትጾሙ ከሆነና የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ፦ «አይ ዶንት ኢት ኦር ድሪንክ አንቲል ኢቭኒንግ»።

ደረጃ 7፦ «አዎ» እና «አይ» አታምታቱ

በአማርኛ «ቁርስ አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ሲል አልበላሁም ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ለዚሁ ጥያቄ «የስ» ካለ በላሁ ማለት ይሆናል። «ዩ አር ነት አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ «የስ» ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ ቃል አትመልሱ። «አይ አም ነት አለርጂክ»፣ «አይ ዲድ ነት ኢት» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ።

ሌላም አለ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ የማለት ልማዳችንን እነሱ አያውቁትም። ነርሷ መተንፈስ ያቃታችሁ ወይም ድንገት ያመማችሁ ሊመስላት ይችላል። ሐኪም ቤት ውስጥ በድምፅ መልሱ።

ደረጃ 8፦ የመድኃኒቱን ወረቀት በቃላችሁ እስክትሉት አንብቡ

የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚጻፈው ጥቂትና ተደጋጋሚ ነው። «ዋንስ ኤ ዴይ» በቀን አንድ ጊዜ፣ «ትዋይስ ኤ ዴይ» ሁለት ጊዜ፣ «ኤቭሪ ኤት አወርስ» በየ8 ሰዓቱ፣ «ዊዝ ፉድ» ከምግብ ጋር፣ «ኦን አን ኤምፕቲ ስታመክ» በባዶ ሆድ፣ «አት ቤድታይም» ሲተኙ፣ «አዝ ኒድድ» ሲያስፈልግ ብቻ። «ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ» የሚለው እንቅልፍ ያመጣል ማለት ስለሆነ ታክሲና የጭነት መኪና የምትነዱ ወገኖች በተለይ ያዙት። ለልጅ ሽሮፕ ስትሰጡ «ቲስፑን» 5 ሚሊ ሊትር፣ «ቴብልስፑን» 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስማቸው ይቀራረባል፣ መጠኑ ግን ሦስት እጥፍ ይለያያል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠውን መለኪያ ተጠቀሙ።

በአገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው በአሜሪካ አሴታሚኖፈን ይባላል፤ ታይለኖል የንግድ ስሙ ነው። በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። ፓራሲታሞል ከአገር ቤት አምጥቶ እየዋጠ ታይለኖልና የጉንፋን ሽሮፕ የሚደርብ ሰው አንድ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወሰደ ማለት ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4,000 ሚሊ ግራም በላይ ጉበትን ይጎዳል።

ፋርማሲስቱ ከነገራችሁ በኋላ በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩት፦ «አይ ቴክ ዋን ፒል ትዋይስ ኤ ዴይ ዊዝ ፉድ። ኢዝ ዛት ራይት?» ከተሳሳታችሁ እዚያው ያርማችኋል።

ደረጃ 9፦ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የድንገተኛውን ቃል ግን በቃል ያዙ

በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ለታማሚው ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጤና ሽፋን ሕግ አንቀጽ 1557 ይህን ይደነግጋል። ሕፃናት ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም፤ ተገቢም ነው፣ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ተርጓሚ መሆን የለበትም። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች የሚመለከት ሲሆን አማርኛ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አይ ኒድ ኤን አምሃሪክ ኢንተርፕረተር» በሉ። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው የሚመጣው።

ታዲያ ለምን እንማራለን? አስተርጓሚ ሳይደርስ የሚያልፉ ደቂቃዎች ስላሉ ነው። 911 ስትደውሉ መጀመሪያ አድራሻችሁን፣ ቀጥሎ ከሚከተሉት አንዱን ተናገሩ፤ ሁሉንም የቤተሰቡ አባል በቃሉ ይያዝ። «ሺ ኢዝ ነት ብሪዚንግ» አትተነፍስም። «ሂ ሃዝ ቼስት ፔይን» ደረቱን ያመዋል። «ሂ ካንት ሙቭ ሂዝ አርም» እጁን ማንቀሳቀስ አቃተው። «ሺ ኢዝ ሃቪንግ ኤ ሲዠር» የሚጥል ሕመም ተነሥቶባታል። «ሺ ኢዝ ብሊዲንግ ኤ ሎት» ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። ከዚያ «አምሃሪክ» ብላችሁ ጠብቁ፣ ስልኩን አትዝጉ። በእንግሊዝ አገር ቁጥሩ 999 ነው።

ደረጃ 10፦ የራሳችሁን ግማሽ ገጽ ጽፋችሁ በድምፅ አጥኑት

የሌላ ሰው የቃላት ዝርዝር አይጠቅማችሁም። የራሳችሁን ሕመም ብቻ በሰባትና በስምንት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የደም ግፊት ያለባት፣ አሁን ጨጓራዋን የሚያቃጥላት እናት ይህን ልትጽፍ ትችላለች፦

«ማይ አፐር ስታመክ ኸርትስ። ኢት ስታርትድ ቱ ዊክስ አጎ። ኢት ኢዝ ኤ በርኒንግ ፔይን። ኢት ካምስ ኤንድ ጎስ። ኢት ኢዝ ወርስ አት ናይት ኤንድ አፍተር ስፓይሲ ፉድ። ኢት ኢዝ ሲክስ አውት ኦቭ ቴን። አይ ቴክ መዲስን ፎር ሃይ ብላድ ፕሬሸር። አይ አም ነት አለርጂክ ቱ ኤኒ መዲስን።»

ሐኪሙ ሊጠይቅ የሚችለው አብዛኛው ነገር ተመልሷል፦ የት፣ ከመቼ፣ ምን ዓይነት፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያህል፣ ምን ትወስዳለች። ከልጇ ጋር ቡና እየጠጡ ይለማመዱት። «እማዬ፣ ሐኪሟ እኔ ነኝ፤ ዌር ደዝ ኢት ኸርት?» ትበላት። እናትየው መጀመሪያ ወረቀቱን እያየች፣ በኋላ ሳታይ ትመልስ። ልጅቷ ጥያቄዎቹን እያዘበራረቀች ብትጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል፤ እውነተኛው ሐኪም በተጻፈው ቅደም ተከተል አይጠይቅምና። ያልገባት ሲሆን «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ስሎውሊ?» ማለትን ትልመድ። ሳይገባ ራስ መነቅነቅ ከይሉኝታ የሚመጣ ልማድ ነው፤ በሕክምና ግን ጉዳት አለው። ወረቀቱን ሐኪሙ እጅ መስጠትም ይቻላል፣ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ደረጃ 11፦ ከቀጠሮው በኋላ የተጻፈላችሁን አንብቡ

በአሜሪካ ሐኪሙ ስለ እናንተ የጻፈውን ማስታወሻ በኢንተርኔት ገብቶ ማየት መብታችሁ ነው። ገልጣችሁ ስታነቡ የሚያስደነግጡ ቃላት ታገኛላችሁ። «ዲናይስ ቼስት ፔይን» ሲል ካደች ብሎ መክሰሱ አይደለም፤ ተጠይቃ የለኝም ብላለች ማለቱ ነው። «አንሪማርከብል» ማለት ምንም ችግር አልታየበትም ማለት ነው። «ፖዘቲቭ» በምርመራ ውጤት ላይ የምሥራች አይደለም፤ የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። «አኪዩት» በቅርብ የጀመረ፣ «ክሮኒክ» ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው፤ ሁለቱም ስለ ጊዜው እንጂ ስለ ክብደቱ አይናገሩም። «ቢናይን» የተባለ ዕጢ ካንሰር አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን የአለርጂውን፣ የመድኃኒቱንና የትውልድ ቀናችሁን መስመር በተለይ ተመልከቱ። ስለ ፔኒሲሊን በተሰጠ አንድ የተሳሳተ «የስ» ምክንያት ወይም ባልተቀየረ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ምክንያት የተሳሳተ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲታረም የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ማስታወሻውን ባያችሁበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ መልእክት መጻፊያ ቦታ አለ፣ የሚጻፈውም አጭር ነው፦ «ዜር ኢዝ ኤ ሚስቴክ ኢን ማይ ሪከርድ። አይ አም ነት አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን። ፕሊስ ኮሬክት ኢት።»